ለጥድ ማዳበሪያ ይደረግለታል ወይ? ጥያቄዬና የመጡልኝ 34 መልሶች

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህንን ክር፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታታይ መልሶቹን የያዘውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ መስከረም 2016 ላይ። የራሴ ሁለት መልሶች ተቆጥረው እስካሁን 34 ደርሷል። ደጋ ላይ ዛፍ ለተከለ ሰው የሚጠቅም ብዙ ነገር ስላለበት፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም። የገባኝን በራሴ አነጋገር ነው የምነግራችሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። አባቴ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ በኩል፣ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አንድ ጥማድ ተኩል የማትሞላ ተዳፋት አለችው። ገብስ ስትሰጥ ኖራ ደከመች። በ2012 ክረምት 600 የሐበሻ ጥድና 200 ኮሶ ተከለባት። አራት ክረምት አለፈ። ከ800ው የተረፈው 500 ገደማ ነው። የተረፈውም ከጉልበት አላለፈም፤ ቅጠሉም ወይን ጠጅ ወደ መሰለ ቀለም ሄዷል። ታችኛው ጥግ ላይ ግን ድሮ የከብት በረት ነበር። እዚያ በዚያው ሳምንት፣ ከዚያው ችግኝ የተተከለው ጥድ የአባቴን ትከሻ አልፏል። እንግዲህ የላይኛው አፈር ተርቧል ማለት ነው፤ ዳፕ ወይም ዩሪያ ብናደርግለት ያድጋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሁለት ፎቶ ለጠፍኩ፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች።

1ኛው መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ መጀመሪያ አባቴን አመሰገነ። ዛፍም እንደ ገብስ ተክል ነውና ማብላት ነው፣ በየችግኙ ሥር አንድ እፍኝ ዩሪያ ይበቃዋል የሚል ነበር። 2ኛው ተስማማና ጸሎት ጨመረበት። ደስ ብሎኝ ለአባቴ ልደውል ስል 3ኛው መልስ ገባ።

3ኛው የጻፈው ሰው ሰንዳፋ አካባቢ አጥሩን ተከትሎ 40 ግራቪሊያ ተክሎ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ እፍኝ ዩሪያ ጨምሮ፣ ትንሽ አፈር ጣል አድርጎ፣ ችግኙን በላዩ አስቀመጠው። በሳምንቱ የቅጠሉ ጫፍ እንደ ተጠበሰ ወረቀት ቡናማ ሆነ። ሲነቅለው ሥሩ ጠቁሯል፤ ቅርፊቱም በጣት ሲነካ ይላቀቃል። ከ40ው የተረፉት ስድስት ናቸው። ማዳበሪያ እንደ ጨው መሆኑን፣ ሥር ላይ ካረፈ ውኃውን ከሥሩ መጦ እንደሚያወጣ ያወቀው ያኔ ነው። ይህንን ሰው ሳላመሰግን አላልፍም። እሱ ባይጽፍ አባቴ በማግስቱ እፍኝ እፍኝ ሊያደርግ ነበር።

4ኛው ዳፕም ዩሪያም 46 ስለሆኑ የተገኘውን መጠቀም ነው አለ። 5ኛው አረመው፤ ትንሽ ቆጣ ብሎ ግን በትክክል። የዩሪያው 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። የዳፕ 46 ግን የፎስፈረስ ነው፤ ናይትሮጅኑ 18 ብቻ ነው። በዳፕ ፋንታ ሲከፋፈል የቆየው ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፈረስ፣ 7 ሰልፈር አለው። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው የፎስፈረስ ቁጥር እንኳ ንጹሑን አይነግርም። በኦክሳይድ መልኩ የተሰላ ስለሆነ፣ ንጹሑ ፎስፈረስ ከዚያ ቁጥር ከግማሽ በታች ነው። ሁለቱን አንድ ነው ብሎ መምከር ሰው ገንዘቡን እንዲደፋ ማድረግ መሆኑንም ጨመረ። 4ኛው ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ዓይነት መተራረም ሳይ ደስ ይለኛል።

6ኛው መልስ ለእኔ የክሩ ሁሉ ራስ ነው። የጻፉት በችግኝ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሠርተው በጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ምክር አልሰጡም፤ ጠየቁኝ። ሣሩ በችግኙ ዙሪያ ምን ያህል ነው? በጎችና ከብቶች ይገባሉ ወይ? ጉድጓዱ ሲቆፈር ጥልቀቱ ስንት ነበር? ችግኙ ያደገበት ላስቲክ ሲተከል ተቀድዶ ወጥቷል ወይስ አብሮ ተቀብሯል? ችግኙ ጣቢያው ውስጥ ስንት ወር ቆየ? ከሞቱት አንዱን ነቅሎ ሥሩን ያየ ሰው አለ ወይ? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። አባዬን በስልክ ስጠይቀው እሱም ዝም አለ፤ ነቅሎ ያየ ሰው የለም። አይተን እንመለሳለን ብዬ ተውኩት።

7ኛዋ ፎቶውን አጉልታ አይታ ነበር። ወይን ጠጁ ቀለም የፎስፈረስ እጥረት መሆኑን፣ ናይትሮጅን ቢሆን ግን ቢጫ ይሆን እንደነበር በእርግጠኝነት ጻፈች። 8ኛው ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አስታወሰ። ጥድና የጥድ ዘመዶች በብርድ ጊዜም ቀለማቸውን ይለውጣሉ፤ 2,900 ሜትር ላይ ደግሞ ውርጭ አለ። ክረምት ላይ ተመልሶ አረንጓዴ ከሆነ ብርድ ነው፤ በክረምትም ወይን ጠጅ ሆኖ ከቀጠለ ያኔ አፈሩን መጠርጠር ነው። የሁለቱም አነጋገር የተከበረ ነበር።

9ኛው መልስ ከአዊ ነው። ረዥም ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈው ሰው ያደገው እዚያው አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። የዚያ አገር አፈር አሲዳማ ከሆነ ቆየ። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አንቀው ይይዙታል። ገበሬው ማዳበሪያውን ይበትናል፤ ሰብሉ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። መሬቱ እምቢ ሲል ሰዉ ወደ ዲከረንስ ዞረ። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጮች አሉት፤ በውስጣቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይይዙለታል። እባጩን በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም ቡናማ ከሆነ አይሠራም። ይህንን የተማረው ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ሲቆፍር ነው።

ማዳበሪያው የገባው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አዊ ውስጥ ለዛፍ ብሎ ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ እሱ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ግን ችግኙ ከጤፍ ጋር ነው የሚያድገው። ለጤፉ የተደረገው ማዳበሪያ፣ ለጤፉ የታረመው አረም፣ ለጤፉ ተብሎ ከብት መከልከሉ፣ ሁሉም ለችግኙ ይተርፈዋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ በመሐሉ የበቀለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይወሰዳል እንጂ ከብቱ አይገባም። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጣል፤ ከሰሉ እዚያው መሬት ላይ ይከሰላል። ከዚያ መሬቱ ይታረስና እንደገና ጤፍና ችግኝ። የከሰል ክምሩ የነደደበት ቦታ ላይ ጤፉ ከሩቅ የሚታይ አረንጓዴ ክብ ይሠራል። እኛን የመከረን፣ ጥዱ መሐል ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ጣልቃ እያደረግን እንድንተክል ነው። ደጋ ይወዳል፣ ናይትሮጅን ያመጣል፣ ቅጠሉን በግ ይበላዋል፣ አበባውን ንብ ትወደዋለች።

10ኛው ዲከረንሱን በሽታ መታው ሲባል ሰምቶ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 11ኛው ያው የአዊው ሰው ነው፤ እውነት መሆኑን በሐዘን ጻፈ። እንደ ስንዴ ዋግ ያለ በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ያለ ዕድሜው ቆርጦ ሸጧል። ወረዳው በሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲሆን በሽታ መንገድ አይጠፋውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ከመንገድ ወጣ። 12ኛው ከሰልን ረገመ። 13ኛው ለባሕር ዛፍ ተከራከረ፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ባይመጣ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ትፈርስ እንደነበር አነሳ። 14ኛው ባሕር ዛፍ ምንጭ አደረቀብን ብሎ ተነሳበት። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሐሳባቸውን ግን ጥያቄው ላይ አላዋሉትም። 15ኛው ብቻ ነው ወደ ጉዳዩ የመለሰን። የእሱ ባሕር ዛፍ ክረምት ላይ ይመዘዛል፤ በጋ ሲገባ ጫፉ ደርቆ ወደ ጎን ይበቅላል። የነገረው ባለሙያ የቦሮን እጥረት ሊሆን እንደሚችል ገልጾለታል። ዛምቢያ ውስጥም ባሕር ዛፍ የሚተክሉ ሰዎች ይህ ችግር ስላጋጠማቸው ቦሮን ይሰጡታል። ኤንፒኤስቢ የሚባለው ማዳበሪያ ላይ ያለችው መጨረሻዋ ቢ ቦሮን ናት። ልብ ማለት ያለብን ግን ቦሮን ሲበዛ ይገድላል፤ በሚበቃውና በሚገድለው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው።

16ኛው መልስ ሲመጣ ግን ሳቅም ጨዋታም ቆመ። የጻፈው ሰው ቤተሰቦቹ ጎጃም ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሰልፍ የወጣበትን ጊዜ አስታወሰን። እናቱ አንድ ኩንታል ለማግኘት ስንት ቀን እንደተመላለሰች ዘረዘረ። ሰው ለበቆሎው ባጣው ማዳበሪያ አዲስ አበባ ተቀምጦ ጥድ ለማፋፋት መጠየቅ ነውር መሆኑን በግልጽ ነገረኝ። አንጀቴን በላው። ስድብ አይደለም፤ የተበደለ ሰው ቁጣ ነው።

17ኛው ለእኔ አግዞ መለሰለት፤ ነገር ግን ክፉ አድርጎ። የሰውየውን ቤተሰብ የሚነካ ቃል ጻፈ። አስተባባሪዋ ሰረዘችው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው። 18ኛው እኚያው የችግኝ ጣቢያው አባት ናቸው። የእናቱ ድካም እንደሚሰማቸው፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ገብስ ከሌለበት ቤት እንዳደሩ ጻፉ። ከዚያ ወደ ስሌት ዞሩ። ማዳበሪያ ለዛፍ ተብሎ ከሰብል እንዳይቀማ መጀመሪያ ያለ ማዳበሪያ የሚደረገው ሁሉ መደረግ እንዳለበት፣ በዚህ ነጥብ 16ኛው ትክክል መሆኑን መሰከሩ። 16ኛው ከዚያ በኋላ ተረጋጋ።

19ኛው ስሌቱን ጨረሰው። 500 ችግኝ በ50 ግራም 25 ኪሎ ነው፤ ሩብ ኩንታል። ይህ የሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አተካከል ስሌት ነው፤ በሄክታር 2,500 ችግኝ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ላይ እንደተለመደው ሜትር በሜትር ቢሆን በሄክታር 10,000 ችግኝ ይገባል፤ በዚያው 50 ግራም አምስት ኩንታል ይወስዳል። ለሱ ሲባል ሰብል መቀማቱ አይቀርም። የእኛ ግን ሩብ ኩንታል ነው፤ ያውም በየዓመቱ ሳይሆን አንድ ጊዜ። ይህንን ቁጥር አይቼ ነው ትንሽ የቀለለኝ።

20ኛው ማዳበሪያ ውድ ስለሆነ ዩሪያውን ከአመድ ጋር ለውሶ ማብዛት እንደሚሻል መከረ። 21ኛዋ በፍጹም ብላ ተነሳች። አመድና ኖራ ከዩሪያ ወይም ከዳፕ ጋር ሲቀላቀሉ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። አመዱን ከዳፕ ጋር እርጥብ እጅ ላይ ትንሽ ለውሶ ማሽተት ነው፤ አፍንጫ የሚያቃጥለው ሽታ የገዛችሁት ማዳበሪያ እየሄደ ነው። አመድ ጥሩ ነገር ነው፤ ፖታሲየም አለው፣ አሲዱንም ያለዝባል። ብቻውን፣ በሌላ ጊዜ ይደረግ። ዩሪያም ላይ ላዩን ከተበተነ ይበናል፤ አፈር መልበስ አለበት። አጻጻፏ ትንሽ ይሻክራል፤ ነገሯ ግን ወርቅ ነው።

22ኛዋ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ የአገሬን ሰው አንደበት ሰማሁባት። እኛ አገር ኩበት ወደ ምድጃ ነው የሚሄደው። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ኩበት ስትጠፈጥፍ፣ ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ፣ ሲደርቅ ስትከምር ነው ያደገችው። መሬቱ ያበቀለውን ሣር ከብት ይበላል፣ ከብት የጣለውን ምድጃ ይበላል፣ መሬቱ የሚመለስለት የለም። አያቶቻችን አፈር ከምረው ያጋዩ የነበረውም ለዚሁ ነው፤ አንድ ዓመት ገብስ ይሆናል፣ ከዚያ መሬቱ ለብዙ ዓመት ይተኛል። በረቱ ቦታ ላይ ያለው ጥድ ትከሻ ያለፈው የስንት ዓመት ፍግ ሳይቃጠል ስለቀረለት ነው። ስለዚህ ከማዳበሪያው በፊት ማገዶ ይታሰብ ነው የምትለው። ወሰኑ ላይ ጥቂት ባሕር ዛፍ ቢኖር ቅጠሉ ለምጣድ ይሆናል፤ ፍጉ ለችግኙ ይተርፋል። ይህንን መልስ ለአባቴ በስልክ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀኝ።

23ኛው ከስኮትላንድ ጻፈ። ኢትዮጵያዊ ነው፤ እዚያ በደን ሥራ ላይ ተሰማርቷል። የስኮትላንድ ደጋ ጥቁርና ውኃ ያዘለ የበሰበሰ ሣር አፈር ነው። ሲትካ ስፕሩስ የሚባለውን ዛፍ ሲተክሉበት ፎስፈረስ ስለሚያንሰው ቆሞ ይቀራል። ለዚህ የተፈጨ የፎስፌት ድንጋይ በሄክታር 450 ኪሎ ገደማ፣ ብዙ ጊዜ በሄሊኮፕተር፣ ይበትኑለት ነበር። ናይትሮጅኑን ደግሞ ሄዘር የሚባለው ቁጥቋጦ ይከለክለዋል። ሄዘሩን ማጥፋት ወይም ከስፕሩሱ ጋር ሌላ ዓይነት ጥድ ቀላቅሎ መትከል ማዳበሪያውን ይተካል። ዋናው ቁም ነገሩ ግን ሳይመረምሩ አይበትኑም። ቅጠል ተቆርጦ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ለሲትካ የፎስፈረሱ መጠን ከ0.14 በመቶ በታች ከሆነ እጥረት ነው። ያንን ቁጥር ለሐበሻ ጥድ እንዳንወስደው ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ፎስፈረስ ወደ ሐይቅ ሲገባ አልጌ ስለሚያፈላ አሁን እዚያም ይጠነቀቃሉ።

24ኛው በዚህ ተነስቶ ወደ ጣና እምቦጭ ሄደ። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ እምቦጩን እንደሚያወፍረው ጻፈ። ተዳፋት ላይ ማዳበሪያ ሲደረግ ከችግኙ በላይ በኩል በትንሽ ቦይ ውስጥ ተቀብሮ እንዲሆንም መከረ። 25ኛው እዚህ ጥያቄ ሄሊኮፕተር ምን ሊያደርግ ገባ ብሎ ተበሳጨ። እኔ አልተበሳጨሁም። ቅጠል ሳይመረመር አይበተንም የሚለው ጠቅሞኛል።

26ኛው መልስ አጭር ናት። አንዲት እናት ናቸው፤ አያታቸው ጥድ ሲተክሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ጥድ ሥር አንድ እጅ አፈር በነጠላ ጫፍ ቋጥረው አምጥተው ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ለበረከት ነው ይሉ ነበር። 27ኛው የባዮሎጂ መምህር ነው፤ በአክብሮት አስከትሎ ጻፈ። የጥድ ሥር ከአፈር ፈንገስ ጋር ተባብሮ ይኖራል። ፈንገሱ ሥሩ የማይደርስበት ቦታ ገብቶ ፎስፈረስ ያመጣለታል፤ ዛፉ ደግሞ ስኳር ይከፍለዋል። ዘመናትን በገብስ ያሳለፈ መሬት ላይ የጥዱ ፈንገስ ጥቂት ሊሆን ይችላል። የአሮጌ ጥድ አፈር ሲጨመር ፈንገሱ አብሮ ይገባል። ፎስፈረስ ሲበዛ ግን ዛፉ ፈንገሱን መመገብ ይተዋል። ስለዚህ ማዳበሪያውን ማብዛት ይህንን ጉርብትና ያፈርሰዋል። አያትየው ትክክል ነበሩ ማለት ነው። እኔ ይህንን ሳነብ እንባዬ መጣ።

28ኛው የራሴ ነው። አባቴ በጥቅምት ዘጠኝ ችግኝ ነቀለ፤ ሁሉም ከላይኛው መደብ። ወንድሜ ፎቶ አነሳልኝ። አራቱ ላይ ላስቲኩ እንዳለ ነው፤ ከታች ብቻ ነው የተቀደደው። ሥሩ ላስቲኩ ጫፍ ደርሶ ታጥፎ፣ ዞሮ ዞሮ እንደ ተጠቀለለ የበግ አንጀት ሆኗል። አንዱን አባቴ በጣቱ ሊፈታው ሲል ቀጭኑ ሥር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ችግኙ ከጣቢያው ሲመጣም ዕድሜው አልፎ እንደነበር ያኔ ትዝ አለው። አምስቱ ሥራቸው ደህና ነበር፤ ነገር ግን የሣሩ ሥር እንደ ምንጣፍ አልብሷቸዋል። ጉድጓዱ ከአንድ ስንዝር ተኩል አይበልጥም፤ ከዚያ በታች አለት ነው። ይህንን ሁሉ ከነፎቶው ለጠፍኩ።

29ኛው የእኚያ አባት ነው። ሥሩ የተጠቀለለ ችግኝ ላይ የዓለምን ማዳበሪያ ቢያፈሱበት እንደማይድን፣ ቢያድግም በነፋስ እንደሚወድቅ ነገሩኝ። ለቀሩት መጀመሪያ ሣሩን በአንድ ሜትር ስፋት መኮትኮትና የታጨደውን ሣር ማልበስ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ሣሩ ካልተነቀለ ማዳበሪያው ለሣሩ ነው፤ ሣሩ ከችግኙ ቀድሞ ይጠጣዋል።

30ኛዋ የግብርና ተማሪ ናት። ምንም ከማድረጋችን በፊት ረድፎቹን እንድንከፍል ለመነችን። አንዱ ረድፍ እንዳለ ይተው። አንዱ ይኮትኮት ብቻ። አንዱ ይኮትኮትና ሁለት አካፋ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርለት። አንዱ ይኮትኮትና 50 ግራም ኤንፒኤስ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በግማሽ ክብ ተቀብሮ ይሰጠው። የተተወ ረድፍ ከሌለ ማዳበሪያው ረዳ ወይስ ዝናቡ ጥሩ ነበር የሚለውን ማንም አያውቅም። 31ኛው የውርጭ ነገር አነሳ። ናይትሮጅን ዝናቡ ሲገባ ይሰጥ፤ ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ አይሰጥ፤ ለምለሙ ጫፍ ሳይጠነክር የኅዳር ውርጭ ያገኘዋል። 32ኛው የኮሶ ዘር የት እንደሚሸጥ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም። የምታውቁ ካላችሁ መልሱለት።

33ኛው እንደገና እኔ ነኝ፤ ታኅሣሥ 2017። አባቴ ሐምሌ ላይ ተማሪዋ እንዳለችው አደረገ። እያንዳንዱን ችግኝ በሸምበቆ ዘንግ ለክቶ ምልክት አድርጎ ነበር። ያልተነካው ረድፍ በአማካይ ሦስት ጣት አደገ። የተኮተኮተው ብቻ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ፍግ ያገኘው ስንዝር አለፈ። ኤንፒኤስ ያገኘው ከፍጉ በሁለት ጣት በለጠ። ኮሶው ደግሞ ከጥዱ ይልቅ ማዳበሪያውን ወደደው፤ አንዳንዱ ክንድ ሙሉ ተመዘዘ። ወንድሜ ግን አንድ የኮሶ ረድፍ ላይ መስከረም መጨረሻ ዩሪያ ጨምሮበት ነበር። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ የዚያ ረድፍ ጫፍ ሁሉ ጠቁሮ ተንጠለጠለ። የሌሎቹ ረድፎች ኮሶ አልተነካም።

እኔ ከዚህ የያዝኩት ይህ ነው። ከሦስት ጣት ወደ ስንዝር ያደረሰው መኮትኮቱ ነው፤ ማዳበሪያው የጨመረው ከዚያ በላይ ያለችውን ነው። ማዳበሪያ አይረዳም የሚለኝን አልቀበልም፤ የበረቱ ጥድ ምስክር ነው። ነገር ግን 16ኛው ሰው እናቱ ስትመላለስበት የነበረውን ኩንታል ሣር የሚጠጣው ከሆነ ያሳፍራል። ይህንን በግልጽ ጽፌለታለሁ። እሱም በግል መልእክት የእናቱን ሰላምታ ላከልኝ።

34ኛው፣ የመጨረሻው፣ ሥራቸው የተጠቀለለውን ምን እንዳደረግን የሚጠይቅ ነው። አባቴ በመጪው ክረምት ነቅሎ በአዲስ ሊተካቸው ነው። የአሮጌው ጥድ አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ጎተራው ሥር ተቀምጧል። ባለፈው እሑድ ሲደውል ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በሁለት በኩል ለመቅደድ ምላጭ ላኪልኝ አለ። አንድ ፓኬት ገዝቼ በመኪና ሰድጄለታለሁ።